እማዬ፣ የዱባ እርሻ ሄደን ነበር

እማዬ እንደምነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ብርዱ ሲመጣ ይነሳብሻል ብዬ እያሰብኩ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፣ ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው ያስቸገረን። ስልኩ እየተቆራረጠ አላስወራ ስላለን ነው ዛሬ በቴሌግራም ረዘም አርጌ የጻፍኩልሽ፣ የጎረቤታችን ልጅ ስትመጣ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፣ ፎቶዎቹ ከታች አሉ።

ቅዳሜ ለት ልጆቹን ይዘን ዱባ እርሻ ሄድን። እዚህ አሁን ፎል ነው፣ ዛፉ ሁሉ ቀይና ቢጫ የሚሆንበት፣ እና በዚህ ሰሞን ቤተሰብ ተሰብስቦ እርሻ ድረስ ሄዶ ዱባ መርጦ ማምጣት ያገሩ ልማድ ነው፣ የክፍል ጓደኞቻቸው ሁሉ ስለሄዱ ልጆቹ እኛስ መቼ ነው እኛስ መቼ ነው እያሉ ሲነዘንዙን ነው የከረሙት። የሄድንበት በትለርስ ኦርቻርድ ይባላል፣ ጀርመንታውን ሜሪላንድ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተሽ 270 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘሽ ወደ ላይ ስትሄጂ ቀስ በቀስ ከተማው ያልቅና ሜዳ ይመጣል። ከ1950 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ነው እየተቀባበለ የሚያርሰው፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለ መሬት ስንት እንደሚያወጣ አንቺም ትገምቺዋለሽ፣ ሳይሸጡት ልጅ ካባቱ እየተረከበ ይሄው እስከዛሬ አለ፣ ይሄን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ትራክተር የሚጎትተው ትልቅ ጋሪ አላቸው፣ የታሰረ ጭድ ላይ ትቀመጪና ዱባው ያለበት ድረስ ይወስድሻል። የጭዱ ሽታ ሲመጣብኝ በቃ የአያቴ አውድማ ነው ትዝ ያለኝ፣ ለልጆቹ ልነግራቸው ፈልጌ ከትራክተሩ ጩኸት የተነሳ አልሰሙኝም። ከፊት ለፊታችን ነጠላቸውን የደረቡ አንድ እናት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል፣ ሰላም ተባባልንና ትንሽ ቆይተው "ልጄ ይሄን ሁሉ ዱባ ማን ይጨርሰዋል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ዓይንሽ እስኪደክመው ድረስ ሜዳው በሙሉ ዱባ ነው፣ ሐረጉና ቅጠሉ ደርቆ አልቋል፣ ዱባው ብቻ መሬት ላይ ቀርቷል። "አብዛኛው አይበላም እኮ እማማ" ስላቸው አላመኑኝም።

አንቺም እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ኦክቶበር 31 ላይ ሃሎዊን የሚሉት በዓል አለ፣ ዱባውን ሆዱን ፈልፍለው ዓይንና ጥርስ ያወጡለትና ውስጡ ሻማ አብርተው ደጃቸው ላይ ያስቀምጡታል። ትልቋ ልጄ ተምራ መጥታ እንደነገረችን ልማዱን ይዘው የመጡት የአየርላንድ ሰዎች ናቸው፣ አገራቸው እያሉ የሚፈለፍሉት ተርኒፕ የሚባል ስር ነበር፣ አሜሪካ ሲመጡ ግን ከሱ የሚተልቅና ለመፈልፈልም የሚቀል ዱባ ስላገኙ በዱባ ለወጡት። የዱባ ዘር ራሱ ከዚሁ ከአሜሪካ ምድር ነው የተነሳው፣ ሜክሲኮ ውስጥ ሰው መዝራት ከጀመረ ወደ 10,000 ዓመት ይሆነዋል፣ እኛ ጋ የደረሰው ከስንትና ስንት ዘመን በኋላ ነው ማለት ነው።

ዘንድሮ ደሞ ኦክቶበር 31 የሚውለው ጥቅምት 21፣ የማርያም ለት ነው፣ ያውም አርብ፣ ያውም በጾመ ጽጌ። ስለዚ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ደጃችን ላይ የራስ ቅል ምናምን አይሰቀልም ተባብለናል። ሰው ባገሩ የሚያረገውን አልነቅፍም፣ ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው፣ ለልጆቻችንም ያስባሉ። ግን እማዬ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ያ ሁሉ ዱባ በየደጁ በስብሶ ቆሻሻ ላይ ሲጣል ሳይ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው፣ ምግብ ነዋ! አንቺ አንዱን ዱባ ገምሰሽ ግማሹን ለጎረቤት ሰጥተሽ በቀረው ጾሙን እንዴት አብቃቅተሽ እንዳሳለፍሽን እኔ አልረሳውም። ልጆቼ ዱባ ሲባል መጫወቻ ብቻ ሆኖ እንዲታያቸው አልፈልግም፣ እርሻው ድረስ ልውሰዳቸው ያልኩትም ለዚሁ ብዬ ነው።

እና እርሻው ላይ ምን እንዳረግን ልንገርሽ። ልጆቹ መጀመሪያ ትልልቁን ነበር የሚያቅፉት፣ እኔ ደሞ አንዱን አንስቼ አንቺ እንደምታረጊው በጥፍሬ ቆዳውን ጫን አርጌ ጫርኩት፣ ጥፍሬ አልገባም፣ ጭረት እንኳን በቅጡ አልወጣበትም። ትልቋ "ማሚ ምን እያረግሽ ነው?" አለችኝ፣ ጥፍር ከገባለት ገና ነው፣ ካልገባለት በስሏል፣ ይሄን ያሳየችኝ አያትሽ ናት አልኳት። ከዛ በኋላ ማን ያስቁማቸው፣ ሁለቱም እየተንበረከኩ ያገኙትን ዱባ ሁሉ ሲጭሩ ዋሉ፣ ትንሹማ "ይሄኛው ገና ነው!" ሲል ማዶ ድረስ ነው የሚሰማው። እንዳትቆርጧት የምትዪንን አናቱ ላይ ያለችውን ደረቅ እንጨትም አሳየኋቸው፣ በሷ አንጠልጥለው እንዳያነሱት፣ ከተነቀለች ዱባው ቶሎ እንደሚበላሽ፣ ከስሩ ደግፈው በሁለት እጃቸው እንዲይዙት።

ለመፈልፈል የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ለወጥ አይሆንም፣ ክር ክር ይላል፣ ውሃም ይበዛዋል፣ ጣዕሙም ያንቺን ዓይነት አይደለም። ለምግብ የሚሆነው ሹገር ፓምፕኪን የሚሉት ትንሹ ነው፣ ቆዳው ጠንካራ ሆኖ ስጋው ወፍራም ነው፣ እሱን ወሰድን። ለልጆቹም አንዳንድ ትንንሽ ገዛንላቸው፣ ቀለም ቀብተው መስኮቱ ላይ አርገውታል፣ ፎቶው ላይ ታዪዋለሽ። ወደ ቤት ስንመለስ አባታቸው በ2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመዘነ አንድ ዱባ 2,749 ፓውንድ እንደወጣ ነገራቸው፣ ከ12 ኩንታል በላይ እኮ ነው እማዬ፣ መንገዱን በሙሉ ስንት ሰው ያበላል እያሉ ሲከራከሩ መጡ። ስንት ሰው ያበላል ማለታቸው በራሱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ዱባ ወጥ ሰራሁ። ሽንኩርቱን በደረቁ አብስዬ፣ ዘይቱንና በርበሬውን ጨምሬ ቁሌቱ እስኪበስል ቆይቼ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዛ ዱባውን ከተትኩና እንዳይፈርስ ሳላማስል በድስቱ ብቻ እያነቃነቅኩ። ትልቋ ሁለቴ አስጨመረች። ትንሹ በርበሬው ከብዶት እንጀራውን ይዞ ዱባዋን ብቻ እየለቀመ በላ፣ ይሁን፣ ይለምደዋል። ፍሬውንም አልጣልነውም፣ አጥበን አድርቀን ምጣድ ላይ በጨው ቆላነው፣ ኮሶ ሲያስቸግረን በባዶ ሆድ የዱባ ፍሬ ታበይን እንደነበር ስነግራቸው ኮሶ ምንድነው ብለው ያዙኝ፣ እሱን ማስረዳት ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ ከዛ በኋላ ግን ማንም ፍሬውን እንቢ አላለም።

አሁን ልጠይቅሽ የፈለግኩት ነገር አለ እማዬ። ልጆቹ አያታችን ዱባ ገበሬ ናት ወይ ብለው እየጠየቁኝ ነው። እኔ የማውቀውን ነግሬያቸዋለሁ፣ ክረምቱ ሲገባ አጥሩ ስር ፍግ አርገሽ እንደምትተክዪው፣ ሐረጉ አጥሩን ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ እንደሚደርስ፣ አበባውን እንዳንቀጥፍ ትቆጪን እንደነበር። ግን ካንቺ አፍ እንዲሰሙት ነው የምፈልገው። እስቲ የጎረቤታችን ልጅ ቮይስ ትቅዳልሽ፣ አታሳጥሪው፣ ዘሩን ከየትኛው ዱባ እንደምትመርጪ፣ እንዴት እንደምታስቀምጪው፣ ዘንድሮ ስንት እንዳፈራልሽ፣ ለማን ለማን እንደሰጠሽ ሁሉንም ንገሪያቸው። አማርኛ ይሰማሉ፣ ያልገባቸውን እኔ አለሁ። ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት እንከፍተዋለን።

በርበሬው ሊያልቅብኝ ነው፣ ሰው ካገኘሽ ትንሽ ላኪልኝ፣ ካላገኘሽ ግን አትጨነቂ እዚህም ይገኛል። መድኃኒትሽን እንዳትረሺ፣ ጾም ነው ብለሽ በባዶ ሆድሽ እንዳትውጪው፣ ሐኪሙ ያለሽን አስታውሺ። አባባንም ሰላም በይልኝ፣ ለሱ ለብቻው እጽፍለታለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ጥቅምት 2018