ስምህ የፈረስ ስም ነው

ልጄ ቃኘው፣

እሁድ ማታ ስትደውል «እማዬ፣ ዶርም ውስጥ ስምህ የፈረስ ስም ነው ብለው ሳቁብኝ» አልከኝ። እኔም ሳቄ መጣ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆራረጠና ሳልመልስልህ ቀረሁ። በቴሌግራም ልጽፍልህ ጀመርኩ፣ ረዘመብኝ፣ ጣቴም ደከመ። አጎትህ ሐሙስ ወደ ጅማ ስለሚመጣ ከበሶው ጋር ይዞልህ ይምጣ ብዬ በወረቀት አደረግኩት። የእጅ ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ፣ ታገሠኝ።

ልጆቹ ልክ ናቸው። ስምህ የፈረስ ስም ነው። አትቀየም፤ ይልቅ እነሱ ያሉበትን ከተማ ዞር ብለው ይዩ። አባ ጅፋር ማለት እኮ የጅፋር ባለቤት ማለት ነው፣ ጅፋር ደግሞ ፈረሱ ነው። የጅማ ነገሥታት ሁሉም የሚታወቁት በፈረሳቸው ስም ነበር። የመጀመሪያው አባ ጅፋር የተወለደበት ስም ሰና ነው፤ ዛሬ ሰና ብትል ማን ያውቅልሃል? ስለዚህ የሚስቁብህ ልጆች በፈረስ ስም በሚጠራ ንጉሥ ከተማ ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚስቁት። ይህን ንገራቸው።

ሸዋ ብትል ጎንደር፣ ትግራይ ብትል ወሎ፣ ኦሮሞው ጋ ብትሄድ፣ ነገሩ ያው ነው። ጦረኛ ፈረሱን ስም ያወጣለታል፣ እሱ ራሱ ደግሞ «አባ እገሌ» ተብሎ በዚያ ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። አሉላ አባ ነጋ ነው፤ ዶጋሊ ላይ በ1879 ዓ.ም. ጣልያኖቹን ያስለቀሳቸው። ስሞቹን ቀስ ብለህ ስማቸው እስቲ። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ጠቅል። ትእዛዝ ናቸው እኮ! ሰውየው ፈረሱን በጠራ ቁጥር አገሩን የሚያዝ ነው የሚመስለው። «በዝብዝ» የሚባል ፈረስ ከመንደርህ ጫፍ ብቅ ሲል የሚሰማህን አስበው። እኔ ብሆን ዶሮዎቼን ሰብስቤ ነበር የምሸሸው።

ወታደሩም በዚያው ስም ይፎክር ነበር። «ዘራፍ! የአባ ዳኘው አሽከር!» ይላል። የጌታውን የክርስትና ስም እንዲያው እንደ ልጅ ስም አይጠራም፣ የፈረሱን ስም ያነሣና በዚያ ይኩራራል።

የአባትህ የፈረስ ስም ምን እንደሚሆን ጠየቅኩት። ላዳውን እያጠበ ነበር። «አባ ጎማ» አለኝ፣ ባለፈው ወር ሦስት ጎማ ስለቀየረ።

አንተ ሕፃን ሆነህ ከእኔ ጋር ፒያሳ ስንወጣ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የምኒልክን ሐውልት እያየህ «ፈረሱ ለምን አይወርድም?» ትለኝ ነበር። ሐውልቱ የቆመው በ1923 ዓ.ም. በኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ጣልያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፣ ከነጻነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። ሰውየው ብቻ ሳይሆን ዳኘውም አብሮ ተቀብሮ አብሮ ነው የተነሣው።

ከዚያ ወደ መርካቶ ስንወርድ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ናቸው፤ በ1900 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ የጦር ሚኒስትር የሆኑት። እንዲህ ዓይነት ስም ከየት ይገኛል? ሌላው ፈረሱን በዝብዝ ሲል እሳቸው መላ። በ1909 ሰገሌ ላይ የሸዋን ጦር መርተው ንጉሥ ሚካኤልን ሲያሸንፉ፣ ሚካኤል አባ ሻንቆ ስለሆኑ፣ መላ ሻንቆን ገጠመ ማለት ይቻላል። የሚካኤል ልጅ ኢያሱ ደግሞ አባ ጤና ይባል ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ጤናም አልሆነለትም፤ ዙፋኑን ያጣው ገና ሳይነግሥ ነው።

ባልቻ ሆስፒታል በኩል ባለፍን ቁጥር አባባ፣ አያትህ፣ «አባ ነፍሶ!» ሳይሉ አያልፉም ነበር። ጸሎት ይመስል ነበር። ደጃዝማች ባልቻን የሚወዱት ለአድዋው መድፍ ብቻ አይደለም። ፊታውራሪ ገበየሁ፣ አባ ጎራው፣ አድዋ ላይ ሲወድቁ በመድፉ የተተኩት እሳቸው ናቸው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። አባባ የሚያወሩት የ1920ውን ነው። ባልቻ ከሲዳሞ በሺዎች የሚቆጠር ጦር አስከትለው መጥተው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ተፈሪ፣ የኋላው ኃይለ ሥላሴ፣ ግብር ጠሯቸው። እሳቸው ቤተ መንግሥት እየበሉ እየጠጡ ሳለ ወዲህ ሰው ተልኮ ጦሩ ተባብሎ ተበተነ። ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ። «አየሽ፣ ነፍሶም ቢሆን ጠቅልን አልቻለም» ይሉኝ ነበር አባባ፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ግን ጣልያን ሲመጣ በስተርጅና እንደገና ተዋግቶ ነው የሞተው» ብለው ይጨምራሉ።

ወደ አንተ ልመለስ። ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ነው። ያ ድልድዩ ፒያሳ ሥር ያለው ራስ መኮንን፣ የኃይለ ሥላሴ አባት፣ አባ ቃኘው። መቃኘት ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ቃፊር ወጥቶ አገር ሲያይም ቃኘ ይባላል፣ በገና ሲስተካከልም ቃኘ ይባላል። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦር ስትልክ ንጉሡ ሻለቃውን በአባታቸው ፈረስ ስም ሰየሙት። ቃኘው ሻለቃ። ከዚያ የፈረሱ ስም ከሺህ በላይ ወታደር በአንድ ጊዜ ለበሰው፤ ፈረሱ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?

አባባ የሄዱት በ1944 በሁለተኛው ዙር ነው። ከለገሃር በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ። የሰፈር ሰው እስኪሞቱ ድረስ «ጋሽ ኮሪያ» ነበር የሚላቸው፤ ስማቸውን የማያውቅ ጎረቤትም ነበረን። ስለ ሻለቃው ሲያወሩ ሁሌ አንድ ነገር ይደግማሉ፤ ከ120 በላይ ሰው ሞተ፣ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። ይህን ሲሉ ጀርባቸው ይቀናል። አንተን በወለድኩህ ሳምንት ዱላቸውን ይዘው መጡና «ቃኘው በይው» አሉ። ማን እምቢ ይላል?

ግን ልጄ፣ አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። የኮሪያ ጓዶቻቸው ቤታችን ሲመጡ እሳቸውን ጋሽ ኮሪያም፣ አባ እገሌም አይሏቸውም ነበር። «ባልዲ!» ነው የሚሏቸው። በር ላይ ቆመው፣ ሸበቶ ሽማግሌዎች፣ ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ ተደርድሮ፣ «ባልዲ አለ?» እኔ ልጅ ነበርኩ፣ በጣም ይናደኝ ነበር። እሳቸው ግን ይስቃሉ። አንድ ቀን ቡና እየወቀጥኩ ጠየቅኳቸው። ክረምት ነው፣ የእኛን አገር ክረምት አይደለም፣ በረዶውን። ውሃ ቅዳ ተብለው ሌሊት ወንዝ ወረዱ፣ ባልዲውን ሞልተው ዳገቱን ወጡ። ሲደርሱ ሊቀዱላቸው ባልዲውን ደፉት፣ ምንም አልወጣም። ውሃው ባልዲው ውስጥ በረዶ ሆኖ ደርቋል። መቶ አለቃው ባልዲውን ገልብጦ ታችኛውን በጡጫ ይመታል፣ እሳቸው እጃቸው በብርድ ከባልዲው ጆሮ ጋር ተጣብቆ ቆመዋል፣ ሁሉም በሳቅ ይሞታል። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲ።

ወታደር እርስ በርሱ የሚያወጣው ስም እንዲህ ነው። ከላይ ፈረስ ነው፣ ከታች ባልዲ። የሮማው ካሊጉላን እንኳ ብታይ፣ ስሙ ትንሿ የወታደር ጫማ ማለት ነው፤ ሕፃን ሆኖ በአባቱ ጦር ሰፈር የወታደር ጫማ አጥልቆ ሲዞር ያዩት ወታደሮች ያወጡለት ነው። ናፖሊዮንን ወታደሮቹ «ትንሹ አስር አለቃ» ይሉት ነበር። ጀርመኑን ሮሜልን የበረሃ ቀበሮ ያሉት የሚዋጉት እንግሊዞች ናቸው። ቀዩ ባሮን የሚባለውም አብራሪ አውሮፕላኑን ቀይ ስለቀባ ነው፣ ከዚያ በፊት ፈረሰኛ ነበር፤ እኛ ጋ ቢወለድ ኖሮ አባ አንድ ነገር ይሆን ነበር። ታላቁ እስክንድር ፈረሱን ወድዶ በስሙ ከተማ አሠርቷል፣ የፈረሱን ስም ለራሱ ግን አልወሰደም። ያንን ያደረግነው እኛ ነን።

እኛም ጋ ቢሆን ሁሉም የፈረስ አይደለም። ጃገማ ኬሎ የበጋው መብረቅ ነው የተባሉት፣ አርበኝነት የገቡት ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆነው ነው። በላይ ዘለቀ ደግሞ እስከ መጨረሻው አባ ኮስትር። አባባ ከሁሉም አባ ኮስትርን ይመርጡ ነበር፤ «ስም ነው ወይስ ተግሣጽ?» ይሉና ወደ እኔ ዞረው «ኮስተር በይ!» ይሉኛል።

በል፣ መምሸቱ ነው። ቅዳሜ ጊዜ ካለህ ጅሬን ወጥተህ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እይ፣ ፎቶ ላክልኝ። ጓደኞችህንም ይዘሃቸው ሂድ፣ በተለይ የሳቁትን። በሶው አምስት ኪሎ ነው፣ በርበሬው በጥቁሩ ፌስታል ነው፣ አጎትህን ለሻይ እንኳ ሳታስቀምጠው እንዳይሄድ። በሶውን የሞላሁት አባባ ይታጠቡበት በነበረው ነጭ ባልዲ ነው፣ ክዳኑ ትንሽ ተሰንጥቋል። ባልዲውን እዚያ እንዳታስቀረው። ለፋሲካ ስትመጣ ይዘኸው ና።

እናትህ