ስለ ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራ የፎቶ ዝግጅት

ውድ አባላት፣ ስለ ጀግናው አብራሪ የምናቀርበውን የፎቶና የጽሑፍ ዝግጅት ለመጨረስ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ እንገናኛለን።

ፎቶ ያላችሁ ከነመስታወቱ በስልክ አታንሱት፤ ብርሃን ያንጸባርቅና ፊታቸው ይጠፋል። ከፍሬሙ አውጥታችሁ በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ስካን አድርጉ።

ጽሑፍ የያዛችሁ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። የሶማሊያ ወረራ ሐምሌ 1969 ነው፤ 1970 ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ጄኔራሉ በኤፍ-5 ተዋጊ ጄት የጣሏቸው የሶማሊያ ሚግ ተዋጊ ጄቶች ቁጥር ከምንጭ ምንጭ ስለሚለያይ ምንጩን ሳትጠቅሱ አትጻፉ። በሶማሊያ እስር ያሳለፏቸው 11 ዓመታት ከአየር ውጊያው ባላነሰ ሰፊ ቦታ ይሰጣቸው፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር መታለፋቸው ያሳዝናል።

ማን ምን እንደሚያመጣ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ አሳውቁን።