ስለ ስፌት ሮቦት ስናወራ ጨርቁን የሚያነሣውን እጅ አንርሳ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

ስለ ልብስ ስፌት ኢንዱስትሪያችን ወግ በተነሣ ቁጥር ሁለት ሐሳቦች ሲደጋገሙ እሰማለሁ። አንደኛው ሮቦት በቅርቡ የሰፊዎችን ሥራ ጠቅልሎ ይወስዳል የሚል ሥጋት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጉልበት በርካሽ እስካለን ድረስ ነገሩ እኛን አይመለከተንም የሚል መዘናጋት ነው። በጋርመንት ፋብሪካዎች ውስጥ በማሽን ጥገና ዓመታት እንዳሳለፈ ሰው፣ ሁለቱም የጉዳዩን ቋጠሮ ስተውታል ብዬ አምናለሁ። ቋጠሮው ያለው ከስፌት መኪናው ላይ ሳይሆን ጨርቁን አንሥቶ ለመኪናው ከሚያቀርበው እጅ ላይ ነው።

ቲሸርት በሚሰፋበት የምርት መስመር (ላይን) የተቀመጠችን አንዲት ኦፕሬተር ልብ ብሎ ያየ ሰው የምለውን ይረዳል። ከፊቷ ከተቆለለው የጀርሲ (የሚለጠጥ የቲሸርት ጨርቅ) ቁራጭ የላይኛውን ብቻ ለመለየት ጠርዙን በአውራ ጣቷ ታሻለች፤ ሁለት ተደርቦ ከመጣባት ውፍረቱን በጣቶቿ መካከል ዳስሳ ወዲያው ታውቃለች፤ ጨርቁ ፖሊስተር ሆኖ ሲቆረጥ በቢላው ሙቀት ጠርዝ ለጠርዝ ተጣብቆ ከሆነም ቁልሉን አጠፍ፣ ነቅነቅ አድርጋ ታላቅቀዋለች። ከዚያ የተጠቀለለውን ጠርዝ ትዘረጋለች፤ እጅጌውን ከአካሉ ጋር ታጋጥማለች፤ እየያዘችና እየለቀቀች በመርፌው ሥር ታሳልፈዋለች። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት እጇ መለያም፣ መለኪያም፣ መዘርጊያም፣ መሳቢያም ሆኗል፤ እኛ ግን ሥራዋን «ዝቅተኛ ክህሎት» ብለን መዝግበነዋል።

ብረት የሚያነሣ ሮቦት ይህ ጣጣ የለበትም፤ የመኪና በር በስንተኛውም ጊዜ ቢነሣ ቅርጹ ያው ነው። ጨርቅ ግን በተነሣ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ በሮቦቱ ክንድ ጫፍ የሚገጠም አንድ ዓይነት መያዣ ለሁሉም ጨርቅ አይሆንም። አየር እየመጠጠ የሚያነሣ የጎማ ኩባያ ለቆዳና ፕላስቲክ ለተቀባ ጨርቅ ይሆናል፤ አየር በሚያሳልፍ ሹራብ ላይ ግን ወይ አያነሣም፣ ወይ ከሥር ያለውንም ጨምሮ ያነሣል። ጥቃቅን መርፌዎችን በተቃራኒ አቅጣጫ አዘንብሎ የሚያስገባው መያዣ ወፍራም ጨርቅን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ በስስ ሐር ላይ ግን ምልክት ሊተው ይችላል። አየርን በፍጥነት ወደ ጎን እየነፋ እምብዛም ሳይነካ የሚያነሣ አለ፤ በኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያጣብቅም አለ፣ ይኸኛው በአቧራና በእርጥበት አቅሙ ይለዋወጣል።

የሮቦት ክንድ እንደ ሥራው መያዣውን ራሱ እንዲቀያይር የሚደረገው ለዚህ ነው። አሠራሩ ለጥገና ሰው እንግዳ አይደለም። መቀየሪያው ሁለት ገጣጣሚ ሳህኖች አሉት፤ አንደኛው ሳህን በክንዱ ጫፍ ላይ በቋሚነት ይታሰራል፤ ጓደኛው ሳህን በእያንዳንዱ መያዣ ላይ ይገጠማል። ክንዱ መያዣዎቹ ወደተደረደሩበት ሄዶ ሁለቱ ሳህኖች ሲገናኙ፣ በብዙዎቹ ሥሪቶች በአየር የሚገፋ ፒስተን የብረት ብዮችን ወደ ውጭ ገፍቶ ይቆልፋቸዋል፤ አየር ድንገት ቢቋረጥም መያዣው እንዳይወድቅ ሞላ ወይም የቁልፉ ቅርጽ ይጠብቀዋል። አየሩ፣ ኤሌክትሪኩና የሴንሰሩ መልእክት የሚተላለፉትም በዚያው መጋጠሚያ ነው። የክንዱ ጫፍ የብሎን አቀማመጥ አይሶ 9409 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ቢሆንም፣ የመቀየሪያ ሳህኖቹ ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያዩ፣ መሣሪያ የሚገዛ ፋብሪካ ይህን ከውሉ በፊት ቢያጣራ ይበጀዋል።

መቀየር ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ ፋብሪካ ያየሁትን ልናገር። የሸሚዝ ኪስ አጥፎ የሚሰፋ አውቶማቲክ ማሽን ነበረን። የኪሱ ቅርጽ በትእዛዝ በተለወጠ ቁጥር የማጠፊያው ቅርጽ አብሮ መለወጥ ነበረበት፤ የአየር ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ ማስተካከያ ብሎኖቹን አስተካክሎ መልሶ ለመግጠም አንድ ሙሉ ፈረቃ ይፈጅብን ነበር። አንድ ቀን በአየር መጋጠሚያው ያለች የጣት ቀለበት የማታህል ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) አለቀች፤ አየሩ ሲያፈተልክ ኪሱ ተጣሞ መታጠፍ ጀመረ። ምትኳ በግምጃ ቤት አልነበረችም። ሥራው ወደ ሰፊዎች እጅ ተመለሰ፤ ማሽኑም ላስቲክ ለብሶ ጥግ ያዘ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ ያንን ጎሚኒ የሚያውቅና አስቀድሞ የሚያዝ ሰው ያለማሠልጠናችን ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመንግሥት ድጋፍ ስፌትን አውቶማቲክ ለማድረግ ትልቅ ምርምር አካሂዳለች፤ የዓለም ልብስ ግን ዛሬም በአብዛኛው በሰው እጅ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲውቦ የተባለ የአሜሪካ ጀማሪ ኩባንያ ጨርቁን በውኃ በሚሟሟ ፕላስቲክ አደንድኖ፣ ተራ የኢንዱስትሪ ሮቦት ቲሸርት እንዲሰፋ አድርጓል፤ ማደንደኛው በኋላ በውኃ ታጥቦ ይወጣል። እነርሱ መያዣውን ከጨርቁ ጋር ከማስማማት ይልቅ ጨርቁን ለመያዣው አስማሙት ማለት ነው። ብልኃቱን ባደንቅም፣ ሮቦት ነገ ሐዋሳ ይገባል ብሎ ለመደንገጥ ምክንያት አይሆነኝም። ለመዘናጋትም ምክንያት የለንም፤ አጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል) እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሲቋረጥብን፣ ዝቅተኛ ደመወዝ ብቻውን ገዢ እንደማያቆይ በዓይናችን አይተናል።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በኢንዱስትሪ ፓርኮች አቅራቢያ ያሉ ፖሊ ቴክኒኮች፣ አንድ አነስተኛ የሮቦት ክንድ ከነመቀየሪያውና ከሦስት ወይም አራት ዓይነት መያዣ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩ። ሥራው ከሙሉ ልብስ ሳይሆን ከቁልል ላይ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ከማንሣት ይጀመር፤ ሙከራውም በጀርሲ፣ በጂንስ፣ በቆዳና በእኛው ሸማ ይሁን። ሠልጣኞቹ ሳህኑን ፈትተው ይግጠሙ፤ የአየር ማፈትለክን በጆሮና በመለኪያ ይለዩ፤ ጎሚኒው ሳያልቅ መለወጥን ይልመዱ። ከመምህሩ ጎንም ለዓመታት በላይን ላይ የሠራች ኦፕሬተር ተገቢው ክፍያ እየተከፈላት ትቀመጥ፤ ሁለት ጨርቅ ተደርቦ ሲመጣ በምን እንደምታውቅ ለተማሪዎቹ የምታስረዳቸው እርሷ ናትና።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋርመንት ማሽን ጥገና ባለሙያ
ከሐዋሳ