ስለ ቁጠባ ስትጽፉ የካርዱን ዕዳ አትርሱ

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ቁጠባ ባወጣችሁት ጽሑፍ ክሬዲት ካርድ (ከባንክ በብድር የሚገዙበት ካርድ) አለመነሳቱ ቅር አሰኝቶኛል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ የካርዱን ወርሃዊ መግለጫ ሲያሳየኝ ዓይኔ ያረፈው «ዝቅተኛ ክፍያ» በሚለው መስመር ላይ ነው፤ ይህም ባንኩ በወሩ ቢያንስ እንዲከፈለው የሚጠይቀው ገንዘብ ነው። የዓመቱ ወለድ 24 በመቶ ከሆነ በወር 2 በመቶ ገደማ ይመጣል። 10,000 ዕዳ ያለበት ሰው 300 ሲከፍል 200ው ወለድ ነው፤ ዕዳው የሚቀንሰው በ100 ብቻ! ይህ ሳይዘጋ «በየወሩ ቆጥቡ» ማለት ምን ይረባል? ለድንገተኛ ወጪ ጥቂት ይያዝ፣ የቀረው ለዕዳው ይሁን። ከዚያ ወዲያ ደመወዝ በገባበት ቀን ቁጠባው አስቀድሞ ይነሳ፤ ካርዱም በየወሩ ሙሉ በሙሉ ይከፈል። በካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣትማ አብዛኛውን ጊዜ ወለዱ ከዚያው ዕለት ይጀምራል። እባካችሁ ይህንንም ጻፉበት።

አክባሪ አንባቢያችሁ