ዝግጅት ማስታወቅ ማለት ስምና ቀን ማተም ብቻ አይደለም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፤

የመጪ ዝግጅቶች ዓምዳችሁን የምናነበው በሁለት ወገን ነው፤ እንደ ማንኛውም ታዳሚም፣ መድረክና በር እንደምናስተባብር ሰዎችም። ትልቅ ከተማ ውስጥ አንድ ኮንሰርት ያመለጠው ሰው በሳምንቱ ሌላ ያገኛል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ግን ያመለጠ ቴአትር ወይም የመጻሕፍት አውደ ርዕይ እስከሚቀጥለው ዓመት ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ዓምዱን እንወደዋለን፤ ቅሬታችንም ከዚሁ ይነሣል። አብዛኛው ማስታወቂያ የዝግጅቱን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውንና «እንዳያመልጥዎ» የሚለውን ቃል ይዞ ይወጣል። አንባቢው ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ የሚወስንባቸው ነገሮች የሉበትም። ይባስ ብሎ፣ በር ላይ የሚፈጠረው ግፊያ ብዙ ጊዜ መነሻው እዚያው ማስታወቂያው ላይ ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ሰው ሁሉ 12 ሰዓት ከ45 ላይ በር ላይ ይደርሳል። የብሪታንያ የስታዲየም ደኅንነት መመሪያ ለአንድ መግቢያ በሰዓት ከ660 ሰው በላይ አይቆጥርም፤ በደቂቃ 11 ሰው ማለት ነው። ይህም ነገር ሁሉ ሲሳካ ነው። ቦርሳ የሚፈተሽ ከሆነ ወይም ትኬቱ እዚያው የሚሸጥ ከሆነ ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። እንግዲህ 600 ታዳሚ በሁለት መግቢያ ቢገባ፣ በተሻለው ሁኔታ እንኳ 27 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሁሉም በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ከመጡ፣ ሙዚቃው ሲጀምር 270 ሰው ገና ደጅ ነው። ግፊያው የሚጀምረው ደግሞ ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ከውስጥ የመጀመሪያው ዜማ ሲሰማ ነው። ከኋላ ያለው ይገፋል፤ ከፊት ያለው መሄጃ የለውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሦስት ሰዓቶች ይጻፉ፦ በሩ የሚከፈትበት፣ መርሐ ግብሩ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት። ቀድመው የሚወጡ ዘፋኞች ካሉ ዋናው ዘፋኝ በግምት ስንት ሰዓት መድረክ ላይ እንደሚወጣ ይጠቀስ፤ ያን ጊዜ ሰው ተከፋፍሎ ይመጣል። የማብቂያው ሰዓት ልጁን ለሚወስድ ወላጅና የመጨረሻውን ትራንስፖርት ለሚጠብቅ ሰው ከመጀመሪያው ሰዓት ይበልጥ ይጠቅማል፤ አዘጋጆች ግን ከሁሉ በላይ የሚረሱት እሱን ነው። ከቀኑ ጋር የሳምንቱ ዕለትም ይጻፍ። አንዱ ከተሳሳተ ሌላው ያጋልጠዋልና። በኢንተርኔት የተቆረጠው ትኬት 19:00 እያለ ፖስተሩ ምሽት 1 ሰዓት የሚል ከሆነም ሁለቱም አንድ መሆናቸው በግልጽ ይነገር።

ቀጥሎ የሚመጣው የቦታው አቅም ነው። ያው መመሪያ ቆሞ ለሚመለከት ሕዝብ በ10 ካሬ ሜትር ከ47 ሰው በላይ አይፈቅድም። በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ስድስት ሰው በላይ ሲሆን ማንም በራሱ እግር መንቀሳቀስ አይችልም፤ ሕዝቡ እንደ ማዕበል ይወዛወዛል። እንዲህ ባለ አደጋ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ተረጋግጦ ሳይሆን፣ ቆሞ እያለ ደረቱ ተጨፍልቆ መተንፈስ አቅቶት ነው። ጀርመን ዱይስቡርግ ውስጥ በ2010 በተካሄደ የሙዚቃ ፌስቲቫል 21 ሰዎች የሞቱት መግቢያውና መውጫው አንድ መንገድ በሆነበት ቦታ ነው። ደቡብ ኮሪያ ሶል ከተማ ኢቴዎን ሰፈር ውስጥ ደግሞ በ2022 ወርዱ 3 ሜትር ገደማ በሆነ ቁልቁለት መተላለፊያ 159 ሰዎች አለቁ። የዚያን ምሽት ድግስ የጠራ አንድ አዘጋጅ አልነበረም፤ ስለዚህ ስንት ሰው ገባ ብሎ የቆጠረም አልነበረም። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የትልቅ ከተማ ጉዳይ ነው የሚል ይኖራል። አይደለም። 800 ሰው የያዘ አዳራሽ ወርዱ 1.2 ሜትር የሆነ አንድ በር ብቻ ቢኖረው፣ በደልዳላ መሬት በአንድ ሜትር ወርድ በደቂቃ 82 ሰው ይወጣል በሚለው በዚያው መመሪያ ስሌት ባዶ ለመሆን ስምንት ደቂቃ ይፈልጋል። ሁለተኛ በር ካለና ክፍት ከሆነ አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ያ ሁለተኛ በር «ሳይከፍሉ እንዳይገቡ» ተብሎ ይቆለፋል፤ ወይም ትርፍ ወንበር ይደረደርበታል። ጋዜጣው በር አይከፍትም፤ ግን ማስታወቂያ ሲቀበል «ቦታው ስንት ሰው ይይዛል? መግቢያውና መውጫው በየት በኩል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አዘጋጁ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያስብበታል። መልሱን ማወቅ ለአንባቢም ይጠቅመዋል። ነፃ የሆነ ዝግጅት በሙሉ ለሁሉም ቦታ አለው ማለት አይደለምና፣ «መግቢያ በነፃ» ከሚለው ጎን «ቀድሞ ለመጣ 300 ሰው» ወይም «በምዝገባ ብቻ» የሚል ሐረግ ሊኖር ይገባል።

ድምፅን በተመለከተ ምንም ሲጻፍ አናይም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መስፈርት በመዝናኛ ቦታዎች ድምፁ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) እንዳይበልጥ ይመክራል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ስሌት ደግሞ 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት ይፈቅድና፣ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ከስፒከሩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በስድስት ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ 5 ሜትር ላይ 100 የነበረው 10 ሜትር ላይ 94፣ 20 ሜትር ላይ 88 ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ ግን ግድግዳው ስለሚመልሰው ይህን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ «የቤተሰብ ቀን» የሚል ማስታወቂያ ሕፃናትን ከስፒከሩ አርቆ የሚያስቀምጥ ቦታ መኖር አለመኖሩን፣ የጆሮ መከላከያ መሰጠት አለመሰጠቱንም ቢናገር ጥሩ ነው። ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ካለም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

«ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከዓምዱ ቢወጣ እንመርጣለን፤ ማንም ሳይለካ የሚጽፈው ነውና። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው 15 ሴንቲ ሜትር የምትሆን አንዲት ደረጃ ከበር ለመመለስ ትበቃለች። በምትኩ የሚለካው ነገር ይጻፍ፦ ከመንገዱ እስከ መቀመጫው ስንት ደረጃ አለ? የበሩ ወርድ 80 ሴንቲ ሜትር ይሞላል ወይ? መጸዳጃ ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ነው? መወጣጫ ሰሌዳ ተዘጋጅቷል ከተባለ ርዝመቱ ይጠየቅ። በተለመደው የ1 ለ12 መጠን፣ 30 ሴንቲ ሜትር ለሚወጣ በር 3 ሜትር ከ60 ርዝመት ያስፈልጋል። ከዚያ ያጠረ ሰሌዳ ቀጥ ያለ ዳገት ይሆንና ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገለብጠው ይችላል።

የአደባባይ ዝግጅት ከሆነ ዝናቡ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ይሰረዛል? ወደ አዳራሽ ይዛወራል? ውሳኔው ስንት ሰዓት ላይ፣ በየት ይነገራል? ነጎድጓድ ከተሰማ ሰው መጠለል አለበት፤ የመጨረሻው ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍም አይመለስም። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም። ሕፃናት የሚዘሉበት በአየር የተነፋ መጫወቻ ካለ ደግሞ ነፋሱ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ልጆቹ ወርደው አየሩ ይለቀቃል። ከዚያ በታችም ቢሆን ማሰሪያዎቹ በሙሉ ከመሬት ጋር በጥብቅ ካልታሰሩ አይከፈትም።

ከሁሉም በላይ የምንጠይቃችሁ ግን የቀን ግጭት እንዲቀር እንድትረዱን ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሳውንድ ሲስተሙን የሚዘረጋው ያው አንድ ቡድን ነው፤ ወንበሩም ያው ወንበር፣ ታዳሚውም ያው ሰው። ሁለት ዝግጅት በአንድ ምሽት ሲውል ሁለቱም ግማሽ አዳራሽ ያገኛሉ፤ ባለሙያውም ከአንዱ ነቅሎ ወደ ሌላው ሲሮጥ ማይክራፎኑን ሳይፈትሽ ይጀምራል። ስለዚህ ከዓምዱ ግርጌ የሚቀጥሉት ሦስት ወራት ቀኖች በጠባብ ዝርዝር ይውጡ፤ ገና ያልተረጋገጡትም «በእንጥልጥል» ተብለው ይግቡ። በእንጥልጥል የተያዘ ቀን በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተረጋገጠ ይሰረዝ፤ አለዚያ ሰው ለማያደርገው ዝግጅት ቀን ይዞ ይቀመጣል።

ልዩነቱን ለማሳየት፣ ዛሬ የሚታተመው ይህን ይመስላል፦ «ታላቅ የሙዚቃ ምሽት፣ ቅዳሜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ እንዳያመልጥዎ።» እኛ የምንፈልገው ይህን ነው፦ «የሙዚቃ ምሽት፣ ቅዳሜ ጥቅምት 12 በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ። በር 11 ሰዓት ይከፈታል፤ ሙዚቃው ምሽት 1 ሰዓት ይጀምራል፤ 4 ሰዓት ያበቃል። በትኬት ብቻ፤ በር ላይ አይሸጥም። መግቢያ በፊት ለፊቱ በር፣ መውጫ በሁለቱም። መግቢያው ላይ 2 ደረጃ አለ፤ መወጣጫ ሰሌዳ በጎን በር። ከፍተኛ ድምፅ።» ሁለተኛው አራት አምስት መስመር ይወስዳል። ቦታው የጠበበ እንደሆነ ፎቶግራፉ ይቀነስ።

ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ባለ አንድ ገጽ ቅጽ ብታዘጋጁ አዘጋጆች ይሞሉታል። ዝግጅቱ ከመድረሱ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ያልደረሰ ማስታወቂያ አይታተም። በየወሩ የሚደጋገም ዝግጅት ማብቂያ ቀን ይሰጠው፤ በየሦስት ወሩ አዘጋጁ ካላረጋገጠ ይውጣ፤ የቆመ ዝግጅት ታትሞ ሰው የተዘጋ በር ላይ የሚደርሰው በዚህ ጉድለት ነው። ቀን ወይም ቦታ ሲቀየርም እርማቱ የመጀመሪያው ማስታወቂያ በወጣበት በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዳራሽና የአደባባይ ዝግጅቶች አስተባባሪዎች