ስለ ትርፍ ነዳጅ መያዣዎች የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመስክ መኪና ተጨማሪ ዕቃዎች አቅራቢና ገጣሚ ድርጅት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቀረቡልን ጀሪካኖችና የተገጠሙልን መያዣዎች እንዲለወጡ ስለመጠየቅ

ድርጅታችሁ ለሁለት ላንድ ክሩዘር ሃርድ ቶፕና ለአንድ ሃይሉክስ ፒክአፕ የትርፍ ነዳጅ መያዣ ሠርቶ፣ ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካኖች ጨምሮ አስረክቦናል። ውላችን ላይ መኪናዎቹ የሚሠሩበት ቦታ በግልጽ ተጽፏል፦ ከአዲስ አበባ ተነስተው በሰመራ አድርገው ወደ ዳሎል፣ ከዚያም በበርሃሌ ወደ መቀሌ። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የቴክኒክ ክፍላችን ባደረገው ፍተሻ ዕቃው ለዚህ መንገድ አይሆንም የሚል ውሳኔ ላይ ደርሰናል። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

ከሁሉ በፊት የክዳኑ ጎሚኒ (ነዳጅ እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት)። ከጀሪካኖቹ የአንዱን ጎሚኒ አውጥተን ናፍጣ ውስጥ፣ የሌላውን ቤንዚን ውስጥ ነክረን አሳደርን። ናፍጣ ውስጥ ያደረው ለስልሷል። ቤንዚን ውስጥ ያደረው አብጦ ወደ ቦታው አልመለስ ብሏል፤ በጥፍር ሲጫኑት ይቆረሳል። ይህ የተፈጥሮ ጎማ ባሕርይ ነው፤ ነዳጅ ይጠጣል። ለነዳጅ የሚሆነው ናይትራይል የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ወይም ከእሱ የተሻለው ቫይተን ነው። የሁለቱም ዋጋ ከጀሪካኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ለምን እንደተቆጠበ ሊገባን አልቻለም። በተጨማሪ ክዳኑን የሚቆልፈው እጀታ መወርወሪያ ፒን የለውም። የጀሪካን ክዳን በእጀታው ተጠርቅሞ ይዘጋል፤ ፒኑ ደግሞ በፒስታ (አስፋልት ባልሆነ) መንገድ ንዝረት እጀታው ራሱን እንዳይከፍት ይይዘዋል። ያለ ፒን የቀረበ ጀሪካን ገና ያላለቀ ዕቃ ነው።

ጎሚኒው ላይ ይህን ያህል የቆምነው መንገዱ ስለሚያስገድድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳሎል አካባቢ ደግሞ መሬቱ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። በጠዋቱ ብርድ አዲስ አበባ ላይ የተሞላ 20 ሊትር ናፍጣ አፋር ፀሐይ ላይ ውሎ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ ግማሽ ሊትር ያህል ይጨምራል። ቤንዚን ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። ጀሪካኑ እስከ አፉ ከተሞላ ያ ግማሽ ሊትር መሄጃው በጎሚኒው በኩል ብቻ ነው። ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዳሎል ላይ ተከፍቶ የተዘጋ ጀሪካን መቀሌ ሲደርስ የውጭው የአየር ግፊት በሩብ ያህል ቀንሶ ይጠብቀዋል። ሙቀቱ ካልቀነሰ በውስጡና በውጭው መካከል ወደ 25 ኪሎ ፓስካል ልዩነት ይኖራል፤ ይህ በጀሪካኑ ሰፊ ጎን ላይ ከ350 ኪሎ ያላነሰ ግፊት ማለት ነው። ቤንዚን ከሆነ የተኑ ግፊት ይጨመርበታል። ጎኑ ላይ የተቀረጸው የመስቀል ቅርጽ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ላሜራው ሲገፋ ሳይቀደድ እንዲያብጥና እንዲመለስ ነው።

ትክክለኛው ጀሪካን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ለጦር ሠራዊታቸው የሠሩት ነው፤ ቅርጹ እስካሁን ብዙ አልተለወጠም። አፉ ከጀርባው ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲሞላ ከላይ የአየር ክፍተት ይቀራል። የእናንተው ግን አናቱ ጠፍጣፋ፣ አፉም ከሁሉ ከፍ ያለ ነው። «20 ሊትር» ተብሎ የተጻፈበት ልክ እስከ ክዳኑ ድረስ ሲሞላ ብቻ ነው። በውሃ ለክተን አረጋግጠናል፤ 20 ሊትር ሲገባበት ለአየር የሚተርፍ ቦታ የለውም። ከዕቃው ጋር የሰጣችሁን መመሪያ ወረቀት ደግሞ «ነዳጁ እንዳይናወጥ እስከ አፉ ይሙሉ» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ጀሪካን ሞልቶ ቆላ ወርዶ አያውቅም ብለን እንገምታለን።

የውስጥ ቀለሙም ይላጣል። ጥቂት ሊትር ናፍጣ ጨምረን ነቅንቀን በነጭ ጨርቅ ስናጠልለው ቀይ ቅርፊት ቀርቷል። ሃርድ ቶፖቹ ዋን ኤች ዜድ የተባለውን የድሮ ዓይነት የናፍጣ ሞተር ስለያዙ ፊልትሮ በመቀየር ሊተርፉ ይችላሉ። የሃይሉክሱ ሞተር ግን ባለ ከፍተኛ ግፊት ኮመን ሬል (ነዳጁን በአንድ የጋራ ቧንቧ ወደ ኢንጄክተሮቹ የሚልክ) ስለሆነ ቆሻሻ ወደ ኢንጄክተሩ ካለፈ ወጪው የጀሪካኖቹን ዋጋ ሁሉ ይበልጣል። በምትኩ በስልክ ያቀረባችሁልንን የዚንክ ቅብ ጀሪካንም አንቀበልም፤ ዚንክ ከናፍጣ ጋር ሲቆይ ነዳጁን ያበላሸዋል።

አሁን ወደ አገጣጠሙ። ላንድ ክሩዘሮቹ ላይ ከፖርቶመጋላው (ከጣሪያው የዕቃ መጫኛ) የኋላ ጫፍ አራት አራት ጀሪካን እንዲጋደም ተደርጎ መያዣ ተበይዷል። ናፍጣ በሊትር 0.84 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባዶው ጀሪካን 4 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ሙሉ ጀሪካን 83 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደት፣ ድንኳንና ስኮርታ (ትርፍ) ጎማ አለ። ጣሪያው የሚችለው ጭነት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፏል፤ የፖርቶመጋላውም ክብደት ከዚያው ላይ ይታሰባል። ለመሆኑ የብየዳ ሠራተኛችሁ ያንን ቁጥር ጠይቆ ያውቃል? 83 ኪሎ ጣሪያ ላይ፣ ያውም ከኋላ አክስል ኋላ ሲሆን፣ መኪናው አሸዋማ ተዳፋት ላይ ጎኑን ሲሰጥ ለመገልበጥ ያመቸዋል። ጀሪካን ተጋድሞ መጫኑም ስህተት ነው። ሲጋደም ነዳጁ ክዳኑ ላይ ይተኛል፤ ያ ጎሚኒ ትንሽ ቢያንጠባጥብ ከአየር ፈንታ ነዳጅ ይወጣል፣ በኋላው መስታወት ወርዶ ወደ ጭስ ማውጫው ይደርሳል።

የሃይሉክሱ ይብሳል። ሁለት ጀሪካን ከኋላ ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) ላይ ወጣ ብሎ በተበየደ ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) ላይ ተቀምጧል። ከኋላ የሚመጣ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው ነዳጁን ነው። አንደኛው መያዣ በቀጥታ ከጭስ ማውጫው አፍ በላይ ነው፤ በሜትር ስንለካው 30 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። መከላከያ ላሜራም የለም። የዚህ መኪና ጀሪካኖች ቦታ የጭነት ሳጥኑ ውስጥ፣ ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ፣ ወለሉ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ነው። እዚያ ክብደቱ በሁለቱ አክስሎች መካከል ይውላል፣ ከግጭትም ይርቃል። ይህን ሥራው ሲጀመር በቃል ነግረናችኋል፤ የተሰጠን መልስ «ከኋላ ሲሆን ያምራል» የሚል ነበር።

መያዣው ውስጥ የብየዳው ጉብታ ሳይሞረድ ቀርቷል፣ ወለሉም ባዶ ብረት ነው። በኮረኮንች መንገድ ጀሪካን ያለማቋረጥ ይርገበገባል። በመካከል አሸዋ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ቀለሙ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ላሜራው ይሳሳል፣ በመጨረሻ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ይበሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሥር 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጎማ፣ ውሃና አሸዋ እንዲወርድ አራት ቀዳዳ፣ ከጎን ደግሞ ጀሪካኑ ሳይላወስ ተጣብቆ እንዲገባ የጎማ ልባስ። ማሰሪያ ቀበቶዎቹ የናይለን ናቸው፤ ናይለን ሲረጥብና ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ባለ ማጥበቂያ የፖሊስተር ቀበቶ እንፈልጋለን። ብሎኖቹ ተራ ዳዶ ብቻ ይዘዋል፣ ሮንዴላ የሌላቸውም አሉ። ናይለን ያለው የማይፈታ ዳዶ ይደረግ። ያም ሆኖ ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር ፒስታ በኋላ ሁሉም እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ ይህ መመሪያችሁ ላይ አንድ ቃል አልተነገረበትም።

ስለ መመሪያው ካነሳን፣ ሁለት ዓረፍተ ነገሮቹ ዛሬውኑ መሰረዝ ያለባቸው ናቸው። አንደኛው ለካምፕ ጄኔሬተር የሚያዝ ቤንዚን «ከመኪናው ውስጥ ከወንበር ጀርባ ሊቀመጥ ይችላል» ይላል። የቤንዚን ተን ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ወለሉ ላይ ይተኛል እንጂ በመስኮት አይወጣም። በአየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ሲደርስ ብልጭታ ይበቃዋል፤ ለሃርድ ቶፕ ውስጠኛ ክፍል ግማሽ ሊትር ቤንዚን ቢተን እዚያ መጠን ላይ ያደርሰዋል። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ የሚቀጣጠል ተን ስለማያወጣ ጉዳዩ ይለያል፤ መመሪያው ሁለቱን አንድ አድርጎ መጻፉ ነው ትልቁ ጥፋት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማደያ ላይ ጀሪካኑ «ከመያዣው ሳይወርድ» ሊሞላ እንደሚችል ይገልጻል። አይችልም። ፈሳሽ በቱቦ ሲወርድ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ጎማ ወይም ፕላስቲክ ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ያንን ወደ መሬት አያወርደውም። ጀሪካኑ ወርዶ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ የመቅጃው አፍ ከጀሪካኑ አፍ ጋር ተነካክቶ ይቆያል፣ በዝግታ ይሞላል። ማደያዎች በጀሪካን ለመቅዳት የፈቃድ ደብዳቤ ስለሚጠይቁ እዚያ መቆማችን ራሱ ብዙ ዓይን ይስባል፤ በናንተ ወረቀት ተመርተን መኪና ላይ እንሙላ ብንል የሚቀዳልን አይገኝም።

ቢጫ የዘይት ጀሪካን ለ«ተጨማሪ ናፍጣ» ማቅረባችሁንም ሳንጠቅስ አናልፍም። ያ ዕቃ በየቤቱ የውሃ መቅጃ ነው። ካምፕ ላይ በጨለማ ከውሃው ጀሪካን የሚለየው ሽታው ብቻ ነው። መልሱልን፣ አንፈልገውም።

የብቃት ማረጋገጫ ተብሎ የተሰጠንን ወረቀት የፈረመው መያዣውን የበየደው ሰው ራሱ ነው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ። በወረቀቱ ላይ ምን እንደተፈተሸ፣ በስንት ኪሎ ጭነት እንደተፈተሸ የተጻፈ ነገር የለም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የፖርቶመጋላው አካል ብየዳ ጥሩ ነው፣ ልኩም ትክክል ነው፤ እሱ ይቆይ። ለውጥ የምንጠይቀው በሚከተሉት ላይ ነው። ጀሪካኖቹ ሁሉ አፋቸው ዝቅ ባለ፣ መወርወሪያ ፒንና የናይትራይል ጎሚኒ ባላቸው እንዲተኩ፣ ለእያንዳንዱም ሁለት ትርፍ ጎሚኒ እንዲሰጠን። በእያንዳንዱ ላንድ ክሩዘር ላይ ከሁለት በላይ ጀሪካን የሚይዝ መያዣ እንዳይኖር፤ እሱም ወደ ፖርቶመጋላው መካከል መጥቶ ጀሪካኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ይሁን። ጣሪያ ላይ ያለው ነዳጅ መጀመሪያ የሚያልቀው ስለሆነ (ሳልባትዮው፣ ማለትም የመኪናው ነዳጅ ታንክ፣ 20 ሊትር እንደጎደለ ሞተር ጠፍቶ፣ ጭስ ማውጫው ቀዝቅዞ ይገለበጣል) ማጥለያ ወንፊትና የአየር መግቢያ ያለው የብረት ማፍሰሻ አፍ ለየመኪናው ይቅረብ። ለመገልበጫ የሰጣችሁን ፕላስቲክ ቱቦ በአፍ ተስቦ የሚሠራ ስለሆነ ይመለስላችሁ፤ ወደ ሳንባ የገባ ናፍጣ ሰው ይገድላል። የሃይሉክሱ የኋላ መያዣ ተቆርጦ ይነሳ፣ የተበየደበት ቦታ ተሞርዶ ፀረ ዝገት ይቀባ፣ አዲሱ ሳጥኑ ውስጥ ይገጠም። ባለ 2 ኪሎ የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያውም ከጀሪካኑ ጎን ተነቅሎ ሹፌሩ በር ከፍቶ የሚደርስበት ቦታ ይዛወር። እሳቱ የሚነሳው እዚያው ጀሪካኑ ጋ ከሆነ ማን ሄዶ ያነሳዋል?

ለላንድ ክሩዘሮቹ በቻሲው ሥር የሚገጠም ተጨማሪ ሳልባትዮ ዋጋም አብራችሁ አቅርቡልን። እውነቱን ለመናገር ለዚህ መንገድ የምንመርጠው እሱን ነው፤ ክብደቱ ታች ይሆናል፣ በየሜዳው መገልበጥም ይቀራል።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ባሉት 15 የሥራ ቀናት ውስጥ ሥራው ካልተጀመረ፣ የጀሪካኖቹና የመያዣዎቹ ሙሉ ክፍያ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። እስከዚያው መኪናዎቹ በእናንተ ዕቃ ነዳጅ አይጭኑም። ለርክክቡ የተያዘው ቀሪ ክፍያም አይለቀቅም።

ከሰላምታ ጋር

የቴክኒክና የስምሪት ክፍል

አባሪ፦
አብጦ የወጣው ጎሚኒ ናሙና፣ በፕላስቲክ ከረጢት
ከጀሪካኑ የተጠለለው የቀለም ቅርፊት፣ ከነጨርቁ
የሃይሉክሱ ጭስ ማውጫና መያዣ ፎቶግራፍ፣ ከመለኪያ ሜትሩ ጋር
መሰረዝ ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች የተሰመረበት መመሪያ

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ ክፍል
ለመኪናዎቹ ሹፌሮች