ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ከፈተናው በፊት ቤት ውስጥ ስለሚወራው ነገር

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ ክፍያም ስለ ዩኒፎርምም አይደለም። ብሔራዊ ፈተናው ደርሷል፤ እኔን ደግሞ ከትምህርቱ በላይ የልጆቹ ጭንቀት አሳስቦኛል።

በሞዴል ፈተናው ቀን አንዲት ጎበዝ ተማሪያችን መልስ ወረቀቱ ላይ ስሟን ብቻ ጽፋ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ አለች። ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ለጓደኞቿ ሰሌዳ ላይ ስታስረዳ መምህሯ አይቷታል። ቢሮ ጠርቼ ምን እንደሆነች ስጠይቃት መጀመሪያ ሆዴን ቆርጦኝ ነው አለች። ቆይታ ግን "አባዬ ሳልፍ የሚታረድ በግ ከሰኞ ገበያ ገዝቶ ጓሮ አስሮታል። ላጠና ስቀመጥ ይጮህብኛል" አለችኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ እሷ ግን እያለቀሰች ነው። አባትየው ክፉ አላሰቡም፤ "እተማመንብሻለሁ" ማለታቸው ነው። ለልጅቷ የተሰማት ግን "ባላልፍስ?" የሚለው ነው። (ይህን እንድጽፍ አባትም ልጅም ፈቅደውልኛል። በጉም ተሸጧል።)

ሲጨንቀን ሰውነታችን አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ ሆድ ይረበሻል። መጠነኛ ከሆነ ያነቃል እንጂ አይጎዳም። ሲበዛ ነው ችግሩ። አእምሯችን አንድን ጥያቄ ሲሠራ ለጊዜው የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። ያንን ቦታ "ብወድቅ ሰው ምን ይለኛል?" የሚለው ሐሳብ ከያዘው ለፊዚክሱ ቀመር ምን ይተርፋል? ስለዚህ ልጃችሁ "ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ" ሲላችሁ ሰበብ አይምሰላችሁ።

ቁጥሩን ደግሞ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014ቱ ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ቲክቶክ በየቀኑ እየነገራቸው ነው፤ እናንተ መድገም የለባችሁም። ወሎ ላይ ቡና ያለ ጨዋታ አይጠጣም፤ ጨዋታው ይቅር አልልም። ግን ልጁ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ አቦሉ ላይ "ማትሪኩ እንዴት ነው?"፣ ቶናው ላይ "የነ እገሌ ልጅ እኮ 500 ምናምን አመጣ"፣ በረካው ላይ ደግሞ "ዘንድሮ ከባድ ነው አሉ" ከተባለ፣ ያ ልጅ መጽሐፍ ሲከፍት የሚታየው የጎረቤት ፊት ነው። ዱአውም ጸሎቱም ይቀጥል። "አላህ ያግዝህ"፣ "እግዚአብሔር ይርዳሽ" ብሎ ወደ ሌላ ጨዋታ ማለፍ ነው።

"ካላለፍክ ቤቴን እንዳትረግጥ" የሚል ዛቻ ያነቃል የምትሉ አላችሁ። አያነቃም። እኔ ያየሁት ሲያደነዝዝ ነው። ይልቅ አንድ ቀን ረጋ ብላችሁ፣ ውጤቱ የፈለገውን ቢሆን ልጃችን ነህ በሉት። የመቁረጫ ነጥቡን የሚያሟላ ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መግባት ይችላል፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፣ በግል ተመዝግቦ ዳግም መፈተንም አለ። ይህን አስቀድሞ ከእናንተ አፍ የሰማ ልጅ ይዘናጋል ብዬ አልፈራም።

አሁን የምጽፈው ደስ አይላችሁም። አንዳንድ ተማሪዎቻችን ሌሊት ለማጥናት ብለው ጫት ይዘዋል። እያወቃችሁ "ለትምህርቱ ነው" ብላችሁ ዝም ያላችሁም አላችሁ። ምርቃናው ሲመጣ ያነበበ ይመስለዋል። እንቅልፍ ግን የለም፤ የተነበበው በአእምሮ የሚደላደለው ደግሞ በእንቅልፍ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ልብ ምትን ይጨምራል፤ የተጨነቀ ልጅ ጭራሽ ይብስበታል። ከምሽት በኋላ ቡናም ቢሆን ይቅር። አራት ሰዓት ላይ መብራት አጥፍቶ የተኛ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ አትቀስቅሱት።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። ፈተና የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች ልክ ከመፈተናቸው በፊት 10 ደቂቃ ያህል ስለ ፍርሃታቸው ሲጽፉ ውጤታቸው ተሻሽሏል። እኛም ከሁለተኛው ሞዴል በፊት አስጻፍናቸው። ወረቀቱን አልሰበሰብንም፤ ቀደው ጣሉት። ቤትም ቢሞክሩት ተዉአቸው፤ ልናንብብልህ ግን እንዳትሉ። አተነፋፈስም አሳይተናቸዋል፦ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከሳቡት ረዘም አድርጎ ማስወጣት። ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ብትሠሩት ለእናንተም አይከፋም።

ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው የሚሰጠው። ብዙዎቹ ከቤት ውጭ ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው፣ ስልክም ይዘው አይገቡም። ድምፃቸው ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። ጋቢ አስይዟቸው፤ የክረምቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። የመፈተኛ ካርዳቸውን ከዋዜማው በፊት ቦርሳቸው ውስጥ እንዲያስገቡ አድርጉ፤ ጠዋት ላይ ፍለጋ የሚያመጣውን ድንጋጤ በየዓመቱ አየዋለሁ። ሲመለሱ ደግሞ መጀመሪያ አብሏቸው። "ስንት ሠራሽ?" የሚለው ይቆይ።

ልጃችሁ ለቀናት እህል እምቢ ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ቃል ከወጣው፣ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት፤ ያኑ ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት፣ ለእኛም ደውሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ አለን። ባለፈው የመጡት እናቶች ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። አባቶች፣ በዚህኛው እንድትገኙልን እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ደሴ